ለስምንት ሲካፈል

ስታራ ዛጎራ፣ ከደረጃው በታች፣ እርጥብ ምድር ቤት፤
አልኮል በጠርሙስ፣ የጥጥ ዘንግ፣ መፍቻ፣
ዲስክ ይሠራበት ከነበረ ፋብሪካ የቀረኝ ንብረት።

እዚህ ነው የመጣች፣ ዝናብ እንዳዘለች፣
ካርቶን ብብቷ ሥር፤
«ቬልኮ የሚሉህ ነህ?» በሩ ላይ ቆም አለች።

ስሟ ኔዴልያ ነው፤ በቋንቋችን እሑድ፤
ግንቦት ሲገባ ግን እሑድም ሰኞም የላት፣ ሁሉም ቀን አንድ።
ካዛንላክ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ሳትነቃ፣
ጽጌረዳ ስትቀጥፍ ጆንያ ታጥቃ፣
ሚዛን ፊት ተሰልፋ ኪሎ ስታስለካ
ወጣትነቷ አለቀ።

ጡረታ ቢሮ ሄዳ «ማስረጃሽ?» ተባለች።
ማኅበሩ ፈርሷል፤ መዝገቡን አይጥ በላው፤
ሚዛኑን ቁራጭ ብረት ገዢ ወሰደው፤
የተረፈው ይህ ነው፦ ሲይዙት የሚለመጥ ቀጭን ጥቁር ዲስክ፣
የአምስት ግንቦት ላብ ተጽፎ ያለው።

ፕላሜን የሚባል የቢሮው ጎረምሳ አስልቶ ሰጥቷታል፦
«ይዘቱ ሦስት መቶ ስድሳ፣ ፍጥነቱ ሁለት መቶ ሃምሳ፤
ሁለት ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል።»

ሳቅሁ። ሰው ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ ይህች ናት።
ፍጥነቱ በቢት ነው፣ ይዘቱ በባይት፤
የወይኑን ፍሬና የወይኑን ዘለላ
በአንድ ስም ጠርቶ እንደ መሸጥ ነው በገበያ ዕለት።
ለስምንት አካፍዪው፤ ሠላሳ አንድ ከሩብ።
እሱም ያልተጣራ ነው፤ ገና ገለባ አለው፦
በየመሐሉ ክፍተት፣ ምልክት፣ የመቆጣጠሪያ ቁጥር፤
ሺሁም ሺህ አይደለም፣
እንደ ደግ ቸርቻሪ ሃያ አራት ምርቃት አለው።
ተቀናንሶ እጅሽ የሚገባው ሃያ ሁለት ተኩል።

ካላመንሽ በዙር ቁጠሪው፦ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ይዞራል፤
ሁለቱ ፊት ተደምሮ ሰማንያ ዱካ፤ አንዱ በአንድ ዙር ይነበባል፤
ሰማንያ ለአምስት። ዐሥራ ስድስት ሴኮንድ።
ወረቀት ላይ ያምራል።

«አምስት ዓመቴ?» አለች። «በዐሥራ ስድስት ሴኮንድ?
እኔ በዚያች ጊዜ፣ ጣቴ ሳይኮማተር፣
ሃያ አበባ ነበር የምቀጥፍ፣ እሾኹን ሳልቆጥር።»

ከተትሁት። ግርር አለ ሞተሩ፤ ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጫፉ ተራመደ፤
ሠላሳ አራተኛው ዱካ ላይ ሲደርስ ተንተባተበ፣ ተናደደ፣
ወደ ኋላ ሸሸ፣ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ሄደ።
በጥጥ ጠረግሁት። አቀዘቀዝሁት።
ብሎኗን በጥፍር ታህል አላላሁ፣ መልሼ አጠበቅሁ።
የሰማንያ ሰባት ግንቦት ነው እዚያ የተቀበረ።

እሷ ወንበር ስባ ከማሽኑ ጎን ተቀመጠች፤
ማንም ሳይጠይቃት የዚያን ዓመት ቀኖች በቃሏ ጀመረች፦
«በሃያ፣ ዐሥራ ስምንት ኪሎ። በማግስቱ በረዶ ጣለ፣ አልወጣንም።
በሃያ አምስት፣ ሃያ ሦስት…»
እርሳሴን አነሳሁ። እሷም ማሽኑም አላቆሙም።

ሲመሽ ዱካው ተከፈተ።
ያ ዐሥራ ስድስት ሴኮንድ ስድስት ሰዓት ፈጀ።
ልማድ ነውና አሰላሁት፦ በሴኮንድ ዐሥራ ሰባት ባይት፤
ዐሥራ ሰባት ፊደል እንበል፣
ሰው ለሰው ሲያወራ የሚሄድበት ፍጥነት።

ቃሏንና ዲስኩን ጎን ለጎን አደረግሁ። ገጠመ፣ ገጠመ፣ ገጠመ፤
አንድ ቀን ላይ ቆመ፦
እሷ ሃያ ሦስት ያለችውን መዝገቡ ሃያ አንድ ይላል።
«የማሽኑ ስሕተት ይሆናል» አልሁ፣ ደፈር ብዬ።
«አይደለም» አለች መነጽሯን አውልቃ፣
«መዛኙ ሁለት ኪሎ ይቀንስ ነበር፣ ለጤዛ።
ጤዛውንም ግን የተሸከምሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አጥፋ ኮቷ ውስጥ ከተተች።
«ሒሳብ ስንት ነው?» አለች።
ለስምንት አካፈልሁላት።