አንድም ብረት

ማንጠግቦሽ ትናንት ማታ፣ አራዳ፣ ከጠጅ ቤቱ ጥግ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደብድቦ እስኪያባራ ጠብቃ
እንዲህ አለች፦

«ሰላም ሆነ ብለን ተኝተን ስንነሣ፣
ብረት ከያለበት ማነው የሚያነሣ?»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንዱ ግንባሯ ላይ ሃምሳ ብር ለጠፈ።
በር ላይ የቆመው ሚሊሻ
ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በጉልበቱ መሀል አቆመው፤
የገባው መሰለው።

እኔ ትርጓሜ ቤት ሁለት ክረምት ቆይቼ
ወደ ፋብሪካ የሸሸሁ፣ ለባዬ በጆሮው፦
ብረት ያለችው ነፍጥ ነው፤
ጦርነቱ አለቀ ሲባል ከትከሻ ያልወረደው።
አንድም፣ ብረት ያለችው የኛ መዘውር ነው፤
አዘዞ፣ ክር ፋብሪካው፣ አርባ ሁለት ማጠንጠኛ፣
በኪሎ ተመዝኖ በሲኖትራክ የሄደው።

ባዬ ብርሌውን በሦስት ጣቱ ይዞ ዝም አለ
(ሁለቱን ማበጠሪያው በልቶበታል)።

ሳይረኑ ከቆመ ወዲህ
ሰፈሩ ሰዓት የሚያውቀው በርሃብ ነው።
የሌሊት ፈረቃ የነበሩት ልጆች
ተፈራርቀው ሄዱ፤
ማን መተማ፣ ማን ጫካ፣
የአስካል ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ።

«ሦስተኛ የለውም?» አለኝ ባዬ።
የእግር ብረት ልለው ነበር፤
ከቁርጭምጭሚታችን ማን ያነሣዋል፣ ልል።
ግን ጣቶቹን አየሁ።
በቀን ሦስት መቶ ብር ተቀጥሬ
የገዛ ማሽኔን ብሎን ስፈታ፣
በዚያኛው ጫፍ ደግፎ የያዘልኝ እሱ ነበር።

«ማነው» የምትለዋ፣ አልኩት፣
እሷ ናት የከበደችኝ።

ማንጠግቦሽ ደገመችው።
እኛ አላጨበጨብንም።