በሽታህ

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሠላሳ ሁለት፣
አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ትንፋሽ አጥሮት።
"ለጥናት ነው" አለ። "ስም አንጽፍም፤ ቁጥር ነው የምንሰጣት።"
ልጄን ሲምቦን አርባ አንድ አደረጋት።
ደስ አላት። ቁጥር ትወዳለች።
እስከ አርባ አንድ ጮክ ብላ ቆጠረች፣
ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንደ ልማዷ
ሠላሳን ዘልላ።

ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው? ከሰል ታነዳላችሁ?
ከመስኮቱ ማዶ ያ የብረት ምሰሶ፣ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው፣
ስንት ሜትር ይርቃል?
"ግምት ይበቃል" አለ፣ ልለካው ስነሣ።
እንቅልፍ ያጣሁ ሌሊት በእርምጃ ለክቼው አድሬያለሁ፤
መቶ ስድሳ ሦስት።
ዝናብ ሲጥል ሽቦው እንደ ተነካ ቀፎ ይጮኻል።

ትርንጎን ጠየቃት፤ አርግዛ ሳለች የት ትሠራ ነበር?
አበባ እርሻ። ሁለት ወር ብቻ።
መድኃኒት ሲረጭ "ውጡ" ይሏቸው ነበር፤
"ጓንት ነበረኝ" አለች። ቆየችና፣ "ጓንት እኮ ነበረኝ።"
ሁለቴ ተናገረች፤
እሱ አንዴ ጻፈ።

ሳትታመም በፊት ጭንቅላቷን በጨረር ታይታ ታውቃለች?
ከደረጃስ ወድቃ?
ገላዋ ላይ ቡናማ ነጥብ፣ ሻይ የተንጠባጠበበት የሚመስል?
በዘር እንዲህ ያለ ዕጢ?
የአባቴ ወንድም ገላን ላይ "ራሴን፣ ራሴን" እንዳለ ሞተ፤
ሐኪም አላየው፣ ማን ስሙን ያውጣለት?
"አላውቅም" የሚል ሳጥን አለ፤
እዚያ ላይ ራይት አደረገ።

እትዬ ዘርፌ ከበሩ ላይ ሆነው "ስልኩ ነው!
ካርቱን ካርቱን ስትሉ!" አሉ።
ከታች ፎቅ ያሉት ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ይላሉ፤
ለዓይነ ጥላ ሳጥን አልተሠራም።

"ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው?" አልኩት።
እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
"ምናልባት" አለ፣ "ምናልባት አንዱም አይደለም።
የብዙ ልጅ፣ የብዙ ዓመት ተደምሮ ነው ትንሽ ጭላንጭል የሚታይ፤
ለአንዲት ልጅ ብቻ፣ ይህ ነው የሚል የለም።
የእናንተ ጥፋት አይደለም።"
መልካም ልጅ ነው። ያሳደገው ይባረክ።
ጥፋት ግን አንዴ ቤት ከገባ
ኪራይ አይከፍል፣ አይወጣ።

"አንድ ገጽ ቀረን።" ወደ እኔ ዞረ።
ሥራ? መኪና ቀቢ። ቃሊቲ፣ ጋራዥ፣ አሥራ ሦስት ዓመት።
ቲነር? አዎ። ጭንብል? ሻሽ።
የሥራ ልብስዎን የት ያወልቃሉ፣ እዚያው ወይስ ቤት?

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

ማታ ማታ ደረጃውን ስወጣ፣
ገና ሦስተኛው ፎቅ ሳልደርስ በሩን በርግዳ መጥታ
ከነቱታዬ ትጠመጠምብኝ ነበር፣
አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ቀብራ።
መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ዓይኗም ከደከመ በኋላ፣
እየሳቀች፣
"አባዬ፣ በሽታህ አውቅሃለሁ" ትላለች።

ይህንኑ ነገርኩት። እንዳለችው ጻፈው፤
በሽታህ።
ወረቀቱን አየ። እኔን አየ።
ከአፍ ሲወጣ ሁለት ነው፣ ሲጻፍ አንድ፤
ፊደላችን የጠበቀውን ከላላው አይለይ።
"የምትጠብቀው" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሽ ናት ወይስ ታ?"

አልመለስኩለትም። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወረደ።

አሁን ጋራዥ ታጥቤ፣ ልብስ ለውጬ ነው የምገባው፤
ቆዳዬ በሳሙና ነጥቷል፣ ጥፍሬ ሥር ቀለም የለም።
ትናንት ማታ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፣
እጇን ዘርግታ ደረቴን ዳሰሰች፣
አሸተተችኝ፣ ደግማ አሸተተችኝ፣
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣
"ማን ነህ?" አለች።