ሊስል ሄዶ ነው

ከአንገረብ ማዶ፣ ሸንበቆው ሲያበቃ፣
ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ክረምት የሚነቃ፤
ዝናብ ሲያረጥበው እጅ ይታይበታል፣
በጋ ተመልሶ አቧራ ይለብሳል።

አንድ መዳፍ፣ አምስት ጣት፤
ከጎኑ በተርታ አሥራ አንድ ጎድጓዳ፣ እንቁላል የሚይዙ።
አሥራ ሁለተኛዋ ጭረት ብቻ ናት።

መሪጌታ ጥዑም እንዲህ ነው የሚሉት፦
«ተራራ ሲናድ ነው ጻድቁ የደገፉት፤
አሥራ አንድ ዘለላ እንባ ቢያፈሱበት፣
ድንጋዩ እንደ ሰም ላላ፣ ቦታ ለቀቀላት።»

ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ማንጠግቦሽ አትስማማም፦
«የንጉሥ ግንበኛ ነው፣ ስሙ እንኳ አይሰማም፤
ሁለተኛ ግንብ ለሌላ እንዳይሠራ
እጁን ቆረጡበት፤ እጁም በየተራ
ደጅ ደጁን ዞሮ ዞሮ ጌታውን ቢያጣው፣
እዚህ መጥቶ ተኛ። አትቀስቅሰው፣ ተወው።»

የአዲስ ዓለሙ ሐጂ በድሩ ይስቃሉ፦
«ነጋዴ ነው» ይላሉ፣
«ከመተማ ሲመጣ አሥራ አንድ በቅሎ ሞተውበት
ለያንዳንዷ ጉድጓድ ማሰላት።
አሥራ ሁለተኛዋ፣ ስታጣጥር ከርማ
ድንገት ብትነሳ፣ ጀምሮ ተወላት።»

ቸኮለ «ወርቅ ነው» ብሎ፣ ፋኖስ ይዞ ወርዶ፣
አሥራ አንድ ገንቦ ሲያልም፣ ሌሊቱን አንጋዶ፣
ጭቃ ነው ያገኘው። ጭቃና ወገብ ሕመም።

እኔም ልጅ ሳለሁ እጄን እከትበት ነበር፤
ልክህ ከሆነ፣ አሉኝ፣ አትቀበርም ጎንደር።
ጣቴ አጠረኝ።
ይኸው አራዳ ነኝ፤ ቁልፍ ነው የምቀርጸው።

አባቴ ጓንጉል ግን ድንጋይ ጠራቢ ነበር።
አርባ ዓመት የጠረበው፣ ትቢያው ደረቱ ሥር
ገብቶ፣ ዓይኑም ጠፍቶ፣ ሲስል ነው የሚያድር።

አንድ ሐምሌ ጠዋት «ውሰደኝ» አለና፣
ክንዱን ይዤ ወረድኩ፣ በጭቃው ጎዳና።
ሰው ተከተለን፤ ዓይነ ስውር ምን ሊያይ ነው?
ተንበረከከና ድንጋዩን ዳበሰው፣
በግ እንደሚገዛ፤ ሽንጡን፣ ጎኑን፣ ላቱን።

«ግራኝ ነው» አለ።

ሰዉ አጉረመረመ፦ «አላልንም? የግራኝ ሥራ!
ፈረሱን አስሮ ነው፣ ሲወርድ ከተራራ…»
«ኧረ እናንተ ሰዎች! የምን ጦር፣ የምን ፈረስ!
በግራው ነው የሚመታ፤ ከዚህ ነው መዶሻው ሲደርስ።
ቀኙን ዘርግቶ አስቀምጦ፣ በከሰል ከቦ ነው።
እዚህ ተናዶ ነበር። እዚህ ጋ ርቦታል፣ ምቱ ላልቷል።
እዚህ መሮው ደንዟል፤
እዚህ ስሎት መጥቷል።»

«ለምን ግን? ጉድጓዱስ ምንድን ነው?» አልኩት።
«እኔ ምን አውቄ! ምቱን እንጂ
ሐሳቡን ድንጋይ አይዝም።»

ጣቱ ጭረቷ ላይ ቆመ። ወንዙ ብቻ ነበር የሚያወራ።
«መሮ ስጠኝ» አለ።
ኪሴ ውስጥ ያለችው የቁልፍ ሞረድ ናት፤ ሰጠሁት።
ጫፏን አስደገፈ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል
እጁ አየር ላይ ቀረ።
መለሰልኝ።
«ተወው፣ የሰው ሥራ ነው። አልጨረሰም እኮ፤
መሮውን ሊስል ሄዶ ነው።»

ዳገቱን ስንወጣ እሱ ሲስል፣ ሲስል፣
በየእርምጃው ቆመን።

ነሐሴ ሲጋመስ ሳሉ ተቋረጠ።
አሁን ሱቄ መጥቶ «ጓንጉልስ?» ለሚለኝ፣
«ሊስል ሄዶ ነው» እላለሁ።
መሮዎቹ ግን ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፣
እንደ ደነዙ።