ካትሬል

የአባቴ ካትሬል ቁልፍ አያውቅ በሯ፣
ሽቦ ነው ጠባቂው፣ ሽቦ ነው ምሥጢሯ።
በሊብሬዋ ሬኖ አራት፣ በሰው አፍ ካትሬል፤
ስም የሚያወጣላት መንገድ ነው፣ ፋብሪካ አይደል።
ቀለሟ ክሬም ነው፣ ያደረ ወተት፣
የአንታናናሪቮ ደንብ ያለበሳት።
ማርሹ ከዳሽቦርዱ እንደ ጃንጥላ እጀታ
ወጥቶ ተንጠልጥሎ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ዳዳ ይጎትተዋል፣ ይገፋል፣ ያዞራል፤
እሷም ታስላለች፤ ሠፈሩ ይነቃል።

ከእግሬ ሥር ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፣
ቢጫ ቤንዚን ይዞ እየዋለለ፤
ከአፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ
ሞተሯን ያጠባል፣ ከወለል ተነሥቶ።
ሰልባቲዮዋን ዝገት ከበላው ወዲህ
ሆዷ ጫማዬ ሥር ነው፣ እዚህ።
“ዕቃ እንዳይመስልሽ፣ ቮላ” ይለኛል ዳዳ፣
“ሕፃን ነው፤ በእግርሽ እቀፊው፤ ቢደፋ እኛው ነን የምንጎዳ።”

ከፋራቮሂትራ ቁልቁል ስንወርድ ግን
ሞተር አጥፍቶ ይለቃታል። ጭጭ እንላለን።
ጎማና ድንጋይ ብቻ ሲንሾካሾኩ፣
የጃካራንዳ አበቦች መስታወት ሲነኩ፣
ከኋላ ወንበር ያሉ ተሳፋሪዎች፣
ዶሮ የታቀፈች ሴት፣ ሁለት ተማሪዎች፣
አንድ የባንክ ጸሐፊ፣ ክራቫት ያሰረ፣
ማንም ትንፍሽ አይል፤ ጨዋታውም ቀረ።
ለጠብታ ቤንዚን ሲባል የመጣ ዝምታ—
በቤተ ክርስቲያን እንኳ አላየሁም ያን መሳይ ጸጥታ።

ኢሶትሪ ጋራዥ ደጅ፣ ዘይት በጠገበ አፈር፣
ቅዳሜ ከሰዓት የሚነሣ ክርክር፦
ራላይቩ የዴሸቮ ወገን ነው፣ ይምላል፤
“የእንቁራሪት ዓይን አላት፤ ጭቃ መች ይይዛታል?
ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለህ
ቁምሳጥን ትጭናለህ፣ ሰማይን አስገብተህ።”
ማዳም ኦርታንስ፣ የሟች ባሏን ፔጆ አራት መቶ አራት
ባትነዳት እንኳ በየሳምንቱ የምታጥባት፣
“በጣሳ ትጣላላችሁ!” ብላ ስትሳለቅ፣
ዳዳ ዝም ብሎ የካትሬሏን መብራት ይወለውላል በጨርቅ።

አንድ ቀን ከሊዮን አንድ እንግዳ መጣ፤
ካትሬሏን ሲያያት ዓይኑ ሊወጣ።
“የስልሳ ስምንት!” አለ፣ ኮፈኗን እየዳበሰ፣
“አባቴ እንዲህ ያለች ነበረችው” አለና አለቀሰ—
አለቀሰ ስል፣ መነጽሩን ነው ያበሰ።
አገሩ ሊወስዳት፣ መጋዘን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ
ሊያቆማት ፈለገ፣ ዝናብ እንዳታይ።
ዋጋም ጠራ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤
እናቴ ብትሰማ ዳዳን አትምረውም።

“ግን አንድ ጥያቄ” አለ፣ “ሁሉ ነገሯ ኦሪጅናል ነው?”
ዳዳ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተው።
“እስቲ እንቁጠር። የግራ በሯን የሰጠችን የራቤማናና ናት፣
ሙሽራ ስታደርስ ኢኮፓ ወንዝ የበላት።
ጡሩምባዋ ከአይስክሬም ጋሪ፣
ኮፈኗን የቀጠቀጠው የአምባቱላምፒ ድስት ሠሪ።
ካርቡራተሯ ሦስተኛዋ ነው፤ ፍሬኗ—እሱን ተወው፤
መሪዋ ብቻ የጥንት ነው፣ እሱንም እጄ በላው።”
“ታዲያ ምኗ ነው የስልሳ ስምንት?” ቢለው በጭንቀት፣
“ዳገቱ” አለው ዳዳ፤ “እሱ አልተለወጠም። ግባና እያት።”

ገባ። ጉልበቱ አገጩን ነካ። ጠርሙሱን አቀበልኩት፤
በሁለት እጁ አቀፈው፣ እንዳይደፋበት።
አንዶሃሎ ልንደርስ፣ ሁለት ኩርባ ሲቀር፣
ሳለች፤ ደግማ ሳለች፤ ከዚያ ሆነች አፈር።
ዳዳ አልተናደደም። ወረደ፤ ወረድን፤
የሊዮኑም ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ገፋ፤ ገፋን።
ልጆች ከየደጁ መጥተው አገዙን፣
አንዱ ባለ ብስክሌት ጣለ ጉዞውን።
አናቱ ላይ ስንደርስ፣ ግንባሩ ላይ ግሪስ፣
ደረቱ እንደ ወናፍ፣ ይሥቃል ሳይተነፍስ።

ዋጋውን ዳግም አላነሣም። ዳዳም አልጠየቀ።
ከታች የአኖሲ ሐይቅ በሐምራዊ አበባ ደመቀ።
ቁልቁለቱ ላይ ሞተር የለም፤ ስለዚህ ማንም አላወራ፤
ጠርሙሱ በእንግዳው ጭን፣ ግማሹ የቀረው፣ ፀሐይ ይዞ ሲያበራ።

ማታ እናቴ “ዛሬስ ስንት ገባ?” ብላ ጠየቀች።
“አሥር ሺህ አሪያሪ፤ የዳገቱን። ቁልቁለቱንማ ምን ልበል፣ በነጻ ወረደች።”