የለቅሶ ፓይ

ሰፈሩ በሙሉ ንፍሮ ይቀቅላል፤
የእኔ ዘቢብ ግን ከማታ ተዘፍዝፎ አብጧል።
«አብደሻል?» አለችኝ ጎረቤቴ ውዴ፣
«ዘቢብ ለመቅደስ ነው፣ ምን አገናኘው ከስንዴ?»

ያስተማረችኝ አንዲት እንግዳ ነች፣
ጣና ዳር ፔንሲዮን፣ አንሶላ ስቀይር ያገኘችኝ።
እናቷ አሚሽ ናት። መኪና አይነዱም፣
መብራት አያስገቡም፤
ሰው የሞተ እንደሆን በፈረስ ጋሪ
የዘቢብ ፓይ ጭነው ለቅሶ ይደርሳሉ አለችኝ።

ቅቤ ይላል ወረቀቷ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤
ሊጡን በኑግ ዘይት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለወስሁት።
ቀረፋ ይላል፤ ኮረሪማ ፈለፈልሁ፣
የዘጌ ሎሚ ልጣጭ ፈቀፈቅሁ፣
ከቆርቆሮው ጣራ ቋንጣ የመሰለ
የደረቀ ማንጎ አውርጄ በመቀስ ቆረጥሁ።
አጎናፍር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ግንቦት ላይ ከጓሮው ለቅሞ
በቅርጫት ያመጣልኝ።

ገና ግማሽ ሲበስል መብራት ጠፋ።
ይኸው፣ መብራት ኃይል አሚሽ አደረገኝ!
ከሰል ከሥር፣ ፍም ከክዳኑ በላይ፤
አንዱን ጎን አሳረርሁት።
ያረረውን ቆርጬ፣
በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

ይታይሽ ድንኳኑ ውስጥ
ሦስት ቀን እህል አልቀመሰች።
ቁራሹን ተቀበለች። አኘከች። ዝም አለች።
ከጥርሷ መሐል አንድ ብጫ ክር መዘዘች፣
ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየች፤
«የጓሯችን ማንጎ» አለች።
ሌላ ጠየቀች።

ከኋላዋ ውዴ፣ ያቺው ባለመቅደሷ፣
የሳህኑን ፍርፋሪ በጣቷ ትለቅማለች።