አሥራ አራተኛው ወረቀት

ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቱቦ ጎን፣
አሥራ አራት ሐሳብ ቀረበ፤ "ይመዘን" ተባለ፤ እኛም መዛኝ ሆንን።
ሦስት ነን። ሮሙዋልድ መሐንዲሱ፣ ጆሮው ላይ እርሳሱ፤
ቦግና ከአውቶቡስ ድርጅት፣ ፋይሎቿ ከክንዷ እየፈረሱ፤
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም፤ መደመር ማካፈል ነው ሥራዬ፣
ዓምድ ማስመር፣ ነጥብ መመዝገብ፣ ሻይ ማፍላትም ተጨምሮ በላዬ።

ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ከተማችን ቪሽኒካ አንድ በር አላት፤
ሐዲዱ ላይ እንጨቱ ሲወርድ የሚዘጋባት።
ጧት ጧት የከሰል ባቡር ሲያልፍ፣ ሃምሳ ሦስት ፉርጎ ቆጥረን፣
ፋብሪካው ፊሽካውን ሲነፋ ገና ከሐዲዱ ወዲህ ነን።

አንደኛው፦ ቀለበት መንገድ፤ በፕሪም እርሻው መሐል ያልፋል፤
ገበሬው በኅዳጉ ጽፏል፤ "ፕሪሙስ ወዴት ይዘዋወራል?"
ሮሙዋልድ ለፍጥነት ዘጠኝ ሰጠ፣ ለወጪው ግን ሁለት፤
"ድንኳን ባሰፋህ ቁጥር፣" አለች ቦግና፣ "እንግዳው ይመጣል በእጥፍ ብዛት።"
ሦስተኛው፦ ፋብሪካው ሁለት ፊሽካ ይንፋ፣ ግማሹ ይግባ ዘግይቶ፤
ጥሩ ነው፤ ግን ሕፃናቱን ማን ያድርስ፣ የወላጅ ሰዓት ከደወሉ ተለያይቶ?
አምስተኛው፦ የመኪና ማቆሚያ ዋጋ ይሰቀል እስከ ጣራ፤
ከንቲባዋ በስልክ፤ "እሱን እንኳ ምርጫው ካለፈ እናውራ።"
ሰባተኛው የሕፃን ሥዕል ነው፤ ከጣራ ጣራ የተዘረጋ ገመድ፣
ሰው እንደ ታጠበ ልብስ ተንጠልጥሎ፣ እየተንሸራተተ ሥራ ሲሄድ።
ለደስታ የተሰመረ ዓምድ የለም፤ ቢኖር አሥር ከአሥር ነበር፤
ሰረዝ ጻፍኩ፤ ልክ እንደ ባቡር መዝጊያው እንጨት፣ ግን አጭር።

ሻዩ ቀዘቀዘ።
አሥራ አንደኛውን ቦግና ደገፈች፤ አውቶቡስ በየአሥር ደቂቃ፤ ሮሙዋልድ ተከዘ።
"ሾፌርስ?" አላት። አልመለሰችም፤ ሾፌሮቿ ጀርመን ገብተዋል፤
አንዱ በገና ፖስትካርድ ልኳል፤ "እዚህም መንገዱ ይዘጋል።"

አሥራ አራተኛው ከደብተር የተቀደደ፤ የእጅ ጽሕፈት፣ ሰማያዊ ቀለም፤
ኦቲሊያ የምትባል መበለት፣ ሊፖቫ ጎዳና፤ የቤት ቁጥር የለም።
"የተከበራችሁ መዛኞች፤ እኔ መስኮት ዳር ነው የምውለው፤
ጉልበቴ አይሄድም፤ ዓይኔ ግን አልሰነፈም፤ እቆጥራለሁ እያንዳንዱን ሰው።
ከኔ ጎዳና ብቻ፣ ጧት፣ ሃያ ስድስት መኪና ይወጣል፤
በያንዳንዱ አንድ ሰው፣ ሦስት ባዶ ወንበር ጭኖ ይሄዳል።
ሁሉም ወደ ፋብሪካው። 'አብራችሁ ለምን አትሄዱም?' ብዬ ጠየቅሁ፤
የነገሩኝን እነሆ፣ ሳላዳላ ጻፍሁ።
ቁጥር አራት ከቁጥር ስድስት፦ ስለ አጥር፣ ዘጠኝ ዓመት።
ቁጥር አሥር ከቁጥር አሥራ ሁለት፦ ስለ ውሻ ሞት።
ቁጥር ሰባት፦ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ መኪናው ውስጥ ነው የማለቅሰው አለኝ፤
እሱን ተዉት፤ ብቻውን ይሂድ፤ የሌሎቹ ግን መላ ያለው መሰለኝ።
መንገድ ገና አትሥሩ። አንድ አስታራቂ ቅጠሩ።
ደመወዙ ከአስፋልት ይረክሳል። ከወደዳችሁ፣ ከኛ ሠፈር ጀምሩ።"

ሮሙዋልድ ሣቀ፤ ሣቁ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፣ ነዳጅ እንዳለቀበት፤
"ለፍጥነትስ? እርቅ በሰዓት ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል ብዬ ልሙላበት?"
ቦግና ተናፍጣ ዝም አለች። እኔም ሰረዝ ጻፍኩ፤ ሁለተኛ ሰረዝ።

ከዚያ ድምፅ ሰጡ። ሦስተኛው አለፈ፣ በስድስት ነጥብ አራት፤
ሁለት ፊሽካ ይኖረናል። ቃለ ጉባኤውን አስሬ አጠፋሁ መብራት።

በማግስቱ ጉም ነበር። እንጨቱ ወረደ፤ ሰልፉም እንደ ወትሮው፤
ከፊቴ ሰማያዊ ስኮዳ፣ የግራ መብራቱ የተሰነጠቀ፤ ስድስት ዓመት የማውቀው።
የወንድሜ የቪቶልድ ነው። በአባታችን የግድግዳ ሰዓት ተጣልተን፣
በየጧቱ እዚህ እንቆማለን፤ ጀርባውን እያየሁ፣ በመስታወት እያየኝ፣ ተኳርፈን።

ሃምሳ ሦስት ፉርጎ ረጅም ነው። ሠላሳውን ያህል ቆጠርኩ፤
ሞተሬን አጠፋሁ። በሩን ከፈትኩ።
ስምንት እርምጃ ነው በጉሙ። መስታወቱን አንኳኳሁ።
እንጨቱ ተነሣ፤ ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ፤ እኔ እንደ ቆምኩ አለሁ።
ቪቶልድ መስታወቱን ዝቅ አደረገ፤ "መንገድ ዘግተሃል" አለኝ፤
የኋላው ወንበር ላይ የልጁ ጫማ፤
የጎኑ ባዶ ሆኖ ታየኝ።