የሕግ ሰውነት

ከቧንቧ ውሃ በላይ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት፣
ሰባት ሆነን ገባን፣ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣ በሐሙስ ምሽት።
ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የባጃጁ ሊብሬ፤
የባለቤት ስሙ፣ ሟቹ ይመር ነው እስከ ዛሬ።

ሐዋ ናት የሰጠችን፣ የባሏ አርባ ሳይወጣ ገና፣
"ሌሊት ምጥ ለያዛት፣ ታክሲ ለማያውቃት፣ ይሁናት" አለችና።

ዓመት ሙሉ ሠራን፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ደረሰኝ፤
ከሆጤ፣ ከሮቢት፣ ስንት ሌሊት ስልኩ፣ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ።
አርባ አንድ እናት ወረደች፤ አንዷ ሳትደርስ፣ አራዳ ላይ ተገላገለች፤
ልጁን "ባጃጅ" ሊሉት፣ አያቱ ናት የከለከለች።

ትራፊክ ያዘን አንድ ቀን። "የማን ነው?" "የሁላችን።"
"የሁላችን የሚባል ሰው የለም በመዝገባችን።"

ሶፍያ ሙሄን ጠራናት፣ ሕግ የተማረችውን፤
ሦስት ወረቀት ዘረጋች፣ ገፋ አድርጋ ሊብሬውን።

"ማኅበር ብትሆኑ፣ የበላዩ ጉባኤ ነው፤ አባል ይሾማል፣ አባል ይሽራል።
ቦርድ መር ካላችሁ፣ መሥራች ቦርድ ይሰይማል፣ ቦርዱ ይወስናል።
ኢንዶውመንት ከሆነ፣ ንብረቱ ነው ጌታው፤
ለዓላማው ታስሮ ይኖራል፣ ሰጪዋም ብትጸጸት አትፈታው።"

አቶ አስራደ፣ ከማዘጋጃ ቤት በጡረታ የወጡት፣
ለቦርዱ አደሉ፤ "ሰው ሲበዛ" አሉ፣ "ነገር ይፈላል ሳይጥዱት።"
ከማል ግን፦ "ምን ወረቀት ያስቆጥራል? ቅሬያችን ይበቃናል።"
"ቅሬ" አለች ሶፍያ፣ "የሚሄደውን ይሸኛል፤
የሚመጣውን ማን ይቀበላል?"

ዝም አልን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ።
ሐዋ ሻሿን አጠበቀች፤ ጠየቀች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትፈራ፦
"ያቺ ጥርሷን ነክሳ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ስትወርድ ስትጣራ፣
በየትኛው ወረቀት ነው፣ እጇን የምታወጣ?"

ሶፍያ ሁለቱን አጠፈች። አንዱ ቀረ።
"አርባ አንድ አራስ ተሰብስቦ፣ ማን ሊያስቆመው ነው?"
አቶ አስራደ፤ ግን እየሳቁ ነበረ።

"ሲመዘገብ" አለች፣ "ሕግ ሰውነት ይሰጠዋል፤
ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ በስሙ ንብረት ይይዛል።"
"ምጥስ ያውቃል?" አለች ሐዋ። ማንም አልመለሰ።
ስልኬ ጮኸ፣ ከሸዋ በር፤ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ።

ሊብሬው በይመር ስም፣ ብዕሩ ክዳኑን እንደ ጣለ፣
ወጣን። ሞተሩን ብርድ ይዞት፣ አልነሳም አለ።
እኔ መሪው ላይ፣ ሰባቱ ከኋላ፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ፤
አቶ አስራደ "በአንድ ላይ!" ይላሉ፣
ሞተሩ ሳል ብጤ አለና፣ ነቃ።